ክንዴ ውስጥ ያስቀበርኩት

አማቴ ወጌሻ ነች። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ እዚህ ግን አንቱታው ይቅርባት። ሰፈሩ የወለቀ ትከሻውን፣ የዞረ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ እሷ ዘንድ ይመጣል። ጣቷ ዓይን አለው ይላሉ። ዓይኑ ይጥፋ!

እኔ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ኮሌታ እሰፋለሁ። ማሽን ላይ ጎብጬ እየዋልኩ አንድ ቀን ትከሻዬ አልታዘዝ አለኝ። ባሌ «እማዬ ትሽሽ እንጂ» አለ። ምን ብዬ እምቢ ልበል? ቅባቷን አሙቃ ከትከሻዬ ወደ ታች ስታሸኝ ክንዴ ጋ ደርሳ ቆመች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጅማት ነው፣ እማማ።»

«ለኔ ነው ጅማት የምታስተምሪኝ?»

የመጨረሻ ልጄን ስወልድ ደሜ አልቆ ከሞት ነው የተመለስኩት። ሐኪሙ ባሌና አማቴ ባሉበት «ከእንግዲህ ካረገዘች አትተርፍም» አለ። ባሌ ከበሩ እንኳ ሳንወጣ «ሐኪም አምላክ ነው እንዴ?» አለኝ። እኔም ብቻዬን ተመልሼ መከላከያ ክንዴ ውስጥ አስቀበርኩ። የክብሪት እንጨት የምታክል ነገር ናት። ለልጆቼ ያቆየችኝ እሷ ናት።

ባሌ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ባደረበት ከተማ ሁሉ ሴት አለው፤ ከአንዷም ወልዷል። የልጁ ፎቶ ሲመጣ አማቴ «ውይ፣ ቁርጥ አባቱን!» ብላ ሳሎን ሰቀለችው። ሳኮርፍ ደግሞ «ወንድ አይደል እንዴ፤ ታጥቦ ይገባል» አለችኝ።

ለኔ ሲሆን ውኃው ደረቀ። አማቴ ያገኘችውን ስትነግረው፣ ባሌ ክንዴን ጨምድዶ «እኔ መንገድ ላይ ስሆን ማነው የሚመጣው?» አለኝ።

«ለልጆቼ ብዬ ነው! እንዳልሞትባቸው!» እያለቀስኩ ነው ያልኩት፤ ምን አሳፈረኝ።

«ጨዋ ሴት ማርገዝ አትፈራም» አለች አማቴ።

ክሊኒክ እንኳ አልወሰዱኝም፤ ሰው ይሰማላ! ማድ ቤት ጠረጴዛው ላይ እሱ ክንዴን ተጫነው፣ እሷ በምላጭ ሰነጠቀችው። ልጆቼ ከበሩ ኋላ ይጮሃሉ። «አይዞሽ፣ ቁንጫ ነከሰኝ በይው» ትለኛለች። አውጥታ ለልጇ ሰጠችው፣ እሱም ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ምሳቸውን በሉ።

ከዚያ ወዲህ ደግሜ እንዳላስቀብር ሁለቱንም ክንዴን ስትዳብሰኝ ትኖራለች። ውጪ ቢሉኝ ደስ ባለኝ፤ ልጆቹን ግን አንሰጥም አሉ። ባሌን እምቢ ስለው የሚሆነውን እኔና ግድግዳው እናውቃለን።

አረገዝኩ። ስነግረው ካልጋው ቀና እንኳ አላለም።

«የማን ነው?»

የቀለደ መስሎኝ ነበር።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ስታታልይኝ ኖረሽ፣ የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

ወደ አማቴ ዞርኩ። ምንም ቢሆን ሴት አይደለች? «እማማ፣ እርስዎ ይንገሩት እንጂ! ከቤት ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ቤት መሆኔን ያውቁ የለም?»

ሆዴን ዳበስ ዳበስ አድርጋ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ምን አጣደፈሽ፣ ልጄ? ይወለድና መልኩ ይናገራል።»

ሐኪሙ ያለውን እኮ ሁለቱም ሰምተዋል። እንግዲህ ጨዋነቴ የሚታወቀው ስሞት ነው፤ ያውም ልጁ አባቱን ከመሰለ።