የኦዳ መጻሕፍትና የላሊሴ ዘፈን

መምህር ኦዳ በሰኔ ሞተ። መስከረም ሲጠባ ታላቅ ወንድሙ ኦቦ ኢተፋ ከሱሉልታ ቡራዩ ድረስ መጡ። ስለ ክረምቱ፣ ስለ ከብቶቹ፣ ስለ መንገዱ ጭቃ ሲያወሩ ቆዩና በመጨረሻ ዓይናቸውን ግድግዳውን ሞልቶ ወደቆመው የመጽሐፍ መደርደሪያ ላኩ።

«ወርቅቱ፣ እነዚህን ምን ልታደርጊያቸው ነው? አቧራ ከሚበላቸው እሱ ያስተምርበት ለነበረው ትምህርት ቤት ብንሰጥስ? በስሙ ይቀመጡለታል።»

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። የሟች ሚስት ወርቅቱም «እሺ» ልትል ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«መጀመሪያ ላንብባቸው።»

«የትኞቹን?»

«ሁሉንም። እስከ ሙት ዓመቱ አንብቤ እጨርስና ያኔ ይወስዷቸዋል።»

ኦቦ ኢተፋ ቀና ብለው አዩዋት። እሷም በራሷ ተገረመች። ወርቅቱ ትምህርት ቤት በር ላይ ደብተርና እስክሪብቶ ትሸጣለች፤ ፎቶ ኮፒ ታነሳለች። ወረቀት ከእጇ ወርዶ አያውቅም፤ መጽሐፍ ግን ከዳር እስከ ዳር ያነበበችው ከስንት ዘመን በፊት እንደሆነ አታስታውስም። ኦዳ ደስ ያለውን ቦታ ጮክ ብሎ ሲያነብላት «እህ» እያለች ሽሮዋን ታማስል ነበር። እሱ ግን ከሥራ ሲመለስ ጫማውን አውልቆ፣ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ ቁጭ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ምን እንዳገኘባቸው ማወቅ የፈለገችው አሁን፣ የምትጠይቀው ሰው ሳይኖር ነው።

መጻሕፍቱ ከሰማንያ ያልፋሉ። በሳምንት ሁለት ካላለች እንደማይደርስላት አሰበችና ከቀጫጭኖቹ ጀመረች። በአንድ ፎቶ ኮፒና በሌላው መካከል ታነባለች፤ ምሳዋን እየበላች ታነባለች። ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ጎን ለጎን ፀጉር ቤት ያላት ቲቲ ሁልጊዜ ጠዋት በሯን ስትከፍት አንገቷን ታሰግጋለች።

«አዴ ወርቅቱ፣ ዛሬ ስንተኛው ላይ ደረስሽ?»

ወርቅቱም ቁጥሩን ትናገራለች። ቲቲ ታጨበጭባለች። ተማሪዎቹ ይጠይቋታል፤ አስተማሪዎቹ ይጠይቋታል፤ ኦቦ ኢተፋም ስልክ ሲደውሉ ከሰላምታ ቀጥሎ ይጠይቋታል። ቁጥሩ ሲጨምር ለባሏ አንድ ነገር እያደረገችለት ይመስላታል።

አንዲት ሰው ብቻ ጠይቃት አታውቅም፤ ልጇ ላሊሴ።

ላሊሴ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። አባቷ ከሞተ ወዲህ ጆሮዋ ባዶውን ውሎ አያውቅም። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ኤርፎን፣ ሰሃን ስታጥብ ኤርፎን። በእናትና በልጅ መካከል የቀረው ወሬ «በላሽ?» «በላሁ።» «በሩን ቆልፊ።» «እሺ።» ነበር። ከኤርፎኑ ሾልኮ የሚወጣው ትስ ትስ የሚል ድምፅ የማን እንደሆነ ወርቅቱ ያወቀችው በስልኩ ላይ ፀጉራቸውን ሮዝና ሰማያዊ የተቀቡ ልጆች ሲጨፍሩ ስታይ ነው።

«ደግሞ የቻይና ዘፈን ጀመርሽ?»

«ኮሪያ ናቸው» አለች ላሊሴ፤ በዚያው አበቃ። ኮሪያ ሲባል ወርቅቱ የምታውቀው የዘመቱትን ሽማግሌዎች ነው፤ ኮሪያዎች ዘፈን እንዳላቸውም አስባ አታውቅም።

በጥር አንድ ከሰዓት መብራት ጠፋ። ፎቶ ኮፒው ቀጥ አለ፤ ገበያውም አብሮ ቆመ። ወርቅቱ የቀኑን ብርሃን ፍለጋ ወንበሯን ወደ በሩ ስባ መጽሐፏን ገለጠች። ላሊሴ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ቆማ ነበር። ድንገት አንዱን ኤርፎን ከጆሮዋ ነቅላ፣ እንደ ልማዷ እናቷን በኦሮምኛ ጠርታ፦

«ሀርሜ፣ ባለፈው ሳምንት የጨረስሽው መጽሐፍ ስለ ምንድን ነው?» አለች።

«የትኛው?»

«ሽፋኑ ቡኒ የሆነው።»

ወርቅቱ ልትመልስ ቀና አለች። ሽፋኑ ታያት። ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው እንደነበረበት ትዝ አላት። ከዚያ ወዲያ ግን ጭጋግ ነው። ሰውዬው ውኃ ያግኝ አያግኝ፣ ሚስት ይኑረው አይኑረው፣ ብታስብ ብታስብ አልመጣ አላት።

«አንቺ ደግሞ!» አለች ተናዳ። «እኔ ቢያንስ የማውቀውን ቋንቋ ነው የማነበው። አንቺ የማይገባሽን ነገር ጆሮሽ ውስጥ ወትፈሽ ትውያለሽ።»

ላሊሴ አልተቆጣችም። ያንን የነቀለችውን ኤርፎን ጠረገችና ለእናቷ ዘረጋችላት።

ወርቅቱ ተቀበለችው፤ ለምን እንደተቀበለች እሷም አታውቅም። ጭፈራ ጠብቃ ነበር፤ የመጣው ግን ቀስ ያለ ነገር ነው። መጀመሪያ ፒያኖ፣ ከዚያ ጉንፋን የያዛት የምትመስል የአንዲት ልጅ ድምፅ፣ ከዚያ ሌሎቹ ተራ በተራ እየገቡ። አንድም ቃል አልገባትም። እናትና ልጅ በአንዲት ክር ታስረው፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ሊነካኩ ምንም ሳይቀራቸው፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆሙ። እንዲህ ተጠጋግተው ከቀብሩ ቀን ወዲህ አልቆሙም ነበር።

«ሌላውን አሰሚኝ» አለች ወርቅቱ።

«ሌላ አልሰማም። ወር ሙሉ ይሄንኑ ነው የምሰማው።»

«አይሰለችሽም?»

«ገና አልጨረስኩትማ።»

ወርቅቱ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘጋችው። «ምን አግኝተሽበት ነው ግን? እውነትሽን ንገሪኝ።»

ላሊሴ ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች። «አባ ሲሞት ሁሉም ሰው አጽናናኝ። በአማርኛ አይዞሽ አሉኝ፣ በኦሮምኛ ጀባዱ አሉኝ። ከዛሬ ጀምሮ እናትሽን አደራ አሉኝ፤ በርቺ፣ ተማሪ፣ ስሙን አስጠሪ አሉኝ። በኋላ ሰው አፉን ሲከፍት ጆሮዬን ያመኝ ጀመር። ምንም የማይለኝ ድምፅ ነበር የፈለግኩት።»

«አገኘሽ ታዲያ?»

«አግኝቼ ነበር። ከዚያ ፊደላቸው ቀላል ነው ሲሉ ሰማሁና ተማርኩት። ፊደሉን ሳውቅ ቃሉን ማወቅ አማረኝ። ይሄን ዘፈን ፈልጌ አስተረጎምኩት። ምን ይላል መሰለሽ?» ድምፅዋ ወረደ። «‹ጫማህ በር ላይ ነው፤ አላነሳሁትም። ሰው ሲያንኳኳ አለ እላለሁ› ይላል። ቃል ሸሽቼ ኮሪያ ድረስ ሄጄ፣ እዚያም ቀድሞኝ ደርሶ ጠበቀኝ።»

ወርቅቱ፣ «እኔም እኮ የሸሸሁት ቤት ውስጥ ያለውን ዝምታ ነው፣ በገጽ ላይ ገጽ እየደረብኩ» ልትላት ፈለገች፤ ግን ያን ጊዜ መብራቱ መጣና ማሽኑ እየጮኸ ተነሳ። አንድ ተማሪ መታወቂያውን ኮፒ ሊያስነሳ ገባ። አጣማ አነሳችለት፤ ደግማም አጣመመችው።

ያን ምሽት ከእራት በፊት ባለ ቡኒ ሽፋኑን መጽሐፍ ከመደርደሪያው መልሳ አወጣች። ጉድጓድ ቆፋሪው ሚስት ነበረው። መሐል ላይ ደግሞ አፈሩ ተንዶ ይሞታል። ወርቅቱ ያንን ገጽ ሦስቴ አነበበችው። በመጽሐፉ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ሲያለቅስለት እሷ አልፋው ሄዳለች፤ መሞቱን እንኳ ሳታውቅ ነው ጨረስኩት ብላ ለቲቲ የተናገረችው። አለቀሰች፤ ለሰውዬው ይሁን ለኦዳ አልለየችውም።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩ መሄዱን አቆመ።

«አዴ ወርቅቱ፣ ስንተኛው ላይ ነሽ?»

«ያው የትናንቱ ላይ።»

«ሰነፍሽ እንዴ?»

«እንጃ። የገባኝ ቦታ ላይ እየቆምኩ ነው።»

ቲቲ አልገባትም፤ ማጨብጨቧንም ተወች። ማታ ማታ ላሊሴ እናቷ አጠገብ ተቀምጣ ስታጠና፣ ወርቅቱ አንዱን አንቀጽ ጮክ ብላ ታነብላታለች። አንዳንዴ ላሊሴ «እህ» ትላለች፤ አንዳንዴ ደግሞ ቀና ብላ «እስኪ ድገሚው» ትላለች። ወርቅቱም ያንን የጫማ ዘፈን ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ቃሉን እያበላሸች፣ በአፍንጫዋ ታዜመው ጀመር።

በሚያዝያ መጨረሻ ላሊሴ አንዲት ልጅ ይዛ መጣች። ኢየሩስ ትባላለች። ከወላይታ መጥታ ሰበታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ፣ ከላሊሴ ትንሽ ከፍ የምትል፣ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ዘማሪ የሆነች ልጅ ናት። የተዋወቁት በስልክ፣ የኮሪያ ዘፈን ወዳጆች በሚገናኙበት ቴሌግራም ላይ ነው። በግንቦት የወጣቶች ውድድር አለ፤ ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር ሆነው ያንኑ ዘፈን በውዝዋዜ ሊያቀርቡት አስበዋል።

«የት ነው ውድድሩ?» አለች ወርቅቱ።

ላሊሴ መሬት መሬት አየች። «ሱሉልታ።»

«ሱሉልታ! አገር ሁሉ አልቆ ነው? በአጎትሽ ደጅ? አባትሽ ሙት ዓመቱ ሳይወጣ፣ እኔ ከል ለብሼ፣ አንቺ መድረክ ላይ ልትጨፍሪ?»

«ስለማውቅ ነው የምጠይቅሽ። እምቢ ካልሽ ይቀራል።»

ኢየሩስ በትሕትና፣ «እኔም ቤተ ክርስቲያን ከሰሙ ከመዘምራን ያስወጡኛል፣ እትዬ» አለች። ወርቅቱ ሳታስበው ሳቀች።

መልሱን ግን ወዲያው አልሰጠችም። ሐሜቱን አሰበችው፤ «ባሏ አፈር ሳይበላው ልጇን አስጨፈረች» ሲባል ሰማችው። ከዚያ ደግሞ ልጅቱ «ይቀራል» ያለችበትን ድምፅ አሰበች። እሱ ከሐሜቱ ባሰባት። በሦስተኛው ቀን ቁርስ ላይ፣ «እኔም እመጣለሁ። ብቻሽን አትሄጂም» አለቻት።

አዳራሹ በወጣት ጢም ብሎ ነበር። ከዓለም ገና ከተማ የመጡ፣ ከሆለታ የመጡ፣ ፀጉራቸውን ቀለም የነከሩ። ወርቅቱ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የእነላሊሴ ተራ ሲደርስ ኢየሩስ ሦስቱን እጅ ለእጅ አያያዘችና ዓይኗን ጨፍና ጸለየች፤ ከዚያ ወጡ።

ፒያኖው እንደጀመረ ከጎኗ የምርኩዝ ድምፅ ሰማች። ኦቦ ኢተፋ ናቸው። ሰው ነግሯቸዋል። ጋቢያቸውን እንደደረቡ፣ ፊታቸው ጠቁሮ፣ መድረኩን እያዩ ቆመዋል።

«ወርቅቱ፣ ይሄ ምንድን ነው? የወንድሜ ልጅ ዓመቱ ሳይወጣ ትጨፍራለች?»

ወርቅቱ ለመለመን ነበር የተዘጋጀችው። ለወር ያህል በልቧ ስታዘጋጅ የቆየችው የይቅርታ ቃል ነበራት። ላሊሴን አየቻት፤ እጆቿን ወደ ደረቷ ሰብስባ፣ ጎንበስ ብላ፣ ከመሬት የሌለ ነገር ልታነሳ ሄዳ ሳታነሳው ስትመለስ።

«እየጨፈረች አይደለም» አለች። «እያለቀሰች ነው፣ ኦቦ ኢተፋ። ቋንቋው ስላልገባዎት ነው።»

ሽማግሌው ትተው አልሄዱም። ዘፈኑ እስኪያልቅ በምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው ቆሙ።

እነላሊሴ አላሸነፉም። ዋንጫውን የሰንዳፋ ወንዶች ልጆች ወሰዱት፤ በአየር ላይ የሚገለባበጡ። ላሊሴ ላቧን እየጠረገች ስትወጣ አጎቷን አይታ ደነገጠች። ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። እሳቸው ትከሻዋን ያዙና፣ «ማል ጀቲ?» አሏት፤ ምን ትላለች እንደማለት ነው፤ ስለ ዘፋኟ።

ላሊሴ በኦሮምኛ ነገረቻቸው። ስለ ጫማው፣ ስለ በሩ፣ «አለ» ስለማለቱ። ወርቅቱ ዘፈኑን በዚህ ቋንቋ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነበር፤ ከሁሉም ይበልጥ እዚህ ላይ አመማት። ኦቦ ኢተፋ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ስበው አፋቸውን ሸፈኑ። ከዚያም ጋቢውን ዝቅ አድርገው፣ «ልብሱ ግን ትንሽ ረዘም ቢል ጥሩ ነበር» አሉ። ቀጥለውም፣ «ኑ፣ ሳትበሉ ከሱሉልታ አትወጡም» ብለው አራቱንም ልጆች ይዘው ወደ ቤታቸው መሩ።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። ድግሱ ካለፈ በኋላ ኦቦ ኢተፋ በመደርደሪያው ፊት ቆሙ።

«ስንቱን አነበብሽ?»

«ግማሹን አልሞላሁም። ቃሌን አጥፌያለሁ።»

«ትምህርት ቤቱ ይጠብቃል» አሉ። አንዱንም መጽሐፍ መዝዘው፣ «ይሄኛው ስለ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቋት። ወርቅቱ ወንበር አቀረበችላቸው፤ ነገሩ አጭር አልነበረም።

ከሉን አውልቃ በሐምሌ ሱቋን ስትከፍት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። ተማሪ የለም፤ ገበያ የለም። ላሊሴ አጠገቧ መጥታ አንዱን ኤርፎን ሰጠቻት።

«ይሄ ደግሞ ጃፓን ነው።»

ወርቅቱ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከበሮው በዛባት፤ ልጁም ይቸኩላል።

«አልወደድኩትም» አለች።

«በአንዴ? እንደገና ስሚው።»

ሰማችው። ዝናቡ እየበረታ ሄደ።

«አሁንም አልወደድኩትም» አለች ወርቅቱ፤ ኤርፎኑን ግን ከጆሮዋ አላወጣችውም።