የእሳት መዝገቡና የእጄ ሰዓት

የእሳት አጥፊዎቹን አለቃ፣ ካፒቴን ሮስን፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልወደውም። እሱም አይወደኝም። በዚህ እንኳ ተስማምተናል።

ከስካርቦሮ ወዲያ ባለችው ትንሽ ከተማ ቤት የገዛሁት በ1994 ነው። ከተማዋ ደመወዝ የሚከፈለው እሳት አጥፊ የላትም። በዓመት ሃያ ጊዜ እሳት ለማጥፋት የወጣ ፈቃደኛ የቤት ግብር ይቀነስለታል። እኔ ቶሮንቶ ውስጥ ከባድ መኪና ነጂ ስለሆንኩ የእሳት አደጋውን መኪና ከእኔ ሌላ የሚነዳው የለም። ዘንድሮ ሃያ ሦስት ጊዜ ወጥቻለሁ።

የቅናሹ ቅጽ በሚፈረምበት ቅዳሜ ጠዋት ሮስ የእሳት መዝገቡን ጣቢያው ውስጥ ጓዶቻችን ሁሉ ፊት ገለጠው።

«መርዕድ፣ የጎተራው እሳት የተነሳው በአሥር ሰዓት ነው። አንተ በአራት ሰዓት ደረስኩ ብለህ ጽፈሃል። ስድስት ሰዓት ቀድመህ የሄድከው ልትለኩሰው ነው?»

ሳቁ። ደሜ ፈላ። የእጅ ሰዓቴ የሚሄደው በሐበሻ አቆጣጠር ነው፤ ከእሳት በተመለስን ቁጥር መዝገቡን በእሱ አቆጣጠር ስሞላ ከርሜያለሁ። ባለቤቴ አጸደ «ኧረ ቼንጅ አድርገው፣ አንድ ቀን ጉድ ይሠራሃል» ስትለኝ እልህ ይዞኝ ነው የተውኩት። እኛ ጋ ቀን የሚቆጠረው ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ ነው ብዬ ባስረዳ ሮስ ሊሰማኝ አልፈለገም።

«ለውሸታም አልፈርምም» አለ።

ቅናሹ ይቅርብኝ፤ ውሸታም መባሉን ግን መዋጥ አቃተኝ።

«አብራችሁኝ ነበራችሁ፤ ተናገሩ እንጂ!» አልኳቸው።

ሁሉም ፊታቸውን አዞሩ። ከጎተራው ጭስ ውስጥ ጎትቼ ያወጣሁት ኬቨን እንኳ ጫማውን ያያል። ጠላኋቸው።

ያኔ ወገባችን ላይ ያሉት የአደጋ መጥሪያ ፔጀሮች ጮኹ። የአንዲት አሮጊት ቤት እየተቃጠለ ነው። ሁሉም እየዘለሉ መኪናው ላይ ወጡ። እኔ መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ሞተሩን ግን አላስነሳሁም።

«ንዳ!» ብሎ ሮስ አንባረቀ።

«መጀመሪያ፣ ጎተራው ጋ ማን ነው ያየኝ?»

ሮስ ደጋግሞ ጮኸብኝ፤ ቁልፉን አልነካሁም። ኬቨን «እኔ» አለ። ሌሎቹም ተከተሉ። በመጨረሻ ሮስ «አይቼሃለሁ፤ እፈርማለሁ፤ ንዳ!» አለ።

ስንደርስ ወጥ ቤቱ ወድሟል። ሴትዮዋ ግቢው ውስጥ በነጠላ ጫማ ቆመዋል። እሳቱን ካጠፋን በኋላ እጄን ያዙና ቶሎ ስለደረሳችሁ ተባረኩ አሉኝ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ጣቢያው ስንመለስ የደረስንበትን ሰዓት በግድግዳው ሰዓት አቆጣጠር፣ ልክ እንደ እነሱ ጻፍኩ። ቆመን የተጨቃጨቅንባትን ሦስት ደቂቃ ግን ቀነስኳት።

ሮስ አነበበው። ቀና ብሎ አየኝና እሱም ላይ፣ ቅጼም ላይ ፈረመ።