ውኃው የት እየገባ ነው?

«የመቀመጫው ልብስ አዲስ ነው፤ ዘይት እንዳታስነካብኝ» አለ የመካኒኩ እህት ባል፣ ገና ከመኪናው ሳይወርድ።

መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ። የመጡት ከዚያው ሰፈር ስለሆነ ሞተሩ ገና አልሞቀም፤ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ አጎነበሰ። ስለ እጁ ዘይት ሲነገረው ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። እህቱ የተዳረች ቀን ይኸው ሰውዬ ሸሚዝህ ዘይት ነክቶታል ብሎ ከፎቶው አስወጥቶታል። ዘይት አልነበረም። ሸሚዙ የዚያን ቀን የተገዛ ነው።

«ማታ ሞልቼው ነበር፣ ወንድም ጋሼ» አለች እህቱ፣ መኪናው ውስጥ የውኃ ጀሪካን ታቅፋ እንደተቀመጠች። «ጠዋት ሳየው ጎድሏል። መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም።»

«አስነሳው» አለ መካኒኩ።

በራዲያተሩ አፍ ውኃው ቡልቅ ቡልቅ ይል ጀመር። ከኋላ ነጭ ጭስ ወጣ፤ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ጭሱ አልቆመም። አስጠፍቶ የዘይቱን ክዳን ፈታ። ክዳኑ ያብረቀርቃል።

«ማን ጠረገው?»

«እኔ ነኛ!» አለ ባልየው ከመኪናው እየወረደ። «እርጎ የመሰለ ነገር ይዞ ነበር። የቆሸሸ መኪና አመጣ ብለህ እንዳታማኝ።»

መካኒኩ ሊስቅ ቃጣው። በሽታውን በሶፍት ጠርጎ ሐኪም ዘንድ መምጣት!

«እርጎ ያልከው ውኃና ዘይት ተደባልቆ ነው። ከሞተሩ ራስ ሥር ያለችው ማሸጊያ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልታለች። ውኃው ወደ ውስጥ እየገባ ነው።»

«ጋራዥ ሄዶ ደህና ነህ የተባለ ሰው አለ እንዴ? ነገ በጠዋት ረጅም መንገድ እንወጣለን፤ ውኃ እየጨመርን እንሄዳለን።»

«ዳገቱ ላይ ይቀቅላል። ከዚያ ሞተር የለህም።»

«አቤት ሟርት! ይሄ እኮ ቅናት ነው።»

ይሂዳ፣ አለ መካኒኩ በሆዱ። ዳገቱን ያውቀዋል፤ ጥላ የለው፣ ሰው የለው። ሰውዬው በነጭ ሸሚዙ መንገድ ዳር ቆሞ እጁን ሲያውለበልብ ታየው። ደስ አለው፤ ምን ይዋሻል። ግን ያንኑ ነገር ደግሞ ሲያየው፣ ከሸሚዙ ጀርባ ጀሪካን የታቀፈች ሴት ቆማለች።

«ወንድም ጋሼ፣ ያደርሰናል?» አለች ቀስ ብላ።

«አያደርስም። ነገ በአውቶቡስ ሂዱ።»

በሾፌሩ በኩል ዞሮ በሩን ከፈተ። እጁን አልጠረገም። አንዱን መዳፉን አዲሱ መቀመጫ ላይ አስደግፎ፣ ሳይቸኩል፣ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተው።