የደማምና የኾባር ኩርፊያ

ሁመይራ ሳዑዲ ውስጥ ኾባር ባለው አዲሱ ክሊኒክ፣ ከመድኃኒት ካርቶን ብዙም በማይሰፋ ክፍል ውስጥ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ ብላለች። ክሊኒኩ ከዙህር ሶላት በኋላ ይከፈታል። ከፊቷ ያለው ራውተር ደማም ዋናው ክሊኒክ ካለው ራውተር ጋር ካልተገናኘ ግን የበሽተኛ ፋይል የለም፤ ፋይል ከሌለ ሐኪሞቹ እርስ በርስ ከመተያየት በቀር ሥራ አይኖራቸውም።

እሷን ያስጨነቃት የሐኪሞቹ ነገር አይደለም። አለቃዋ ባሲም ቁርጡን ነግሯታል። መስመሩ ዛሬ ከሠራ የመኖሪያ ፈቃድ ዋሷ፣ ካፊሏ፣ ድርጅቱ ይሆናል፤ ካልሠራ ሥራው ለሌላ ይሰጣል። እስካሁን የኖረችው በአባቷ የመኖሪያ ፈቃድ፣ በኢቃማቸው ነው። አባቷ ዓብደላ ደግሞ ከአገር መውጫቸውን፣ ኹሩጃቸውን ጨርሰዋል፤ እናቷም ቀድማ ደሴ ገብታለች። ደማም፣ አል ባዲያ ሰፈር ያለው ቤታቸው በር ሥር ሁለት ሻንጣ ቆሟል፣ አንዱ የእሳቸው፣ አንዱ የእሷ። ሁመይራ ተወልዳ ያደገችው ደማም ነው፤ ደሴን የምታውቃት ለክረምት በእንግድነት ሄዳ ነው። መሄድ አልፈለገችም፤ ይኸው ነው።

ሥራው በራሱ ከባድ አልነበረም። ራውተሮችን የሚያገናኘው ኦኤስፒኤፍ የሚባለው ዘዴ በሰላምታ ይጀምራል። ሁለት ራውተሮች በየተወሰነ ሰከንድ «አለሁ» ይባባላሉ፤ የሰላምታቸው ጊዜ ከገጠመ ጎረቤት ይሆኑና እያንዳንዱ የሚያውቀውን መንገድ ሁሉ ለሌላው ይነግራል። ካልገጠመ ግን እየሰሙ እንዳልሰሙ ይሆናሉ።

የደማሙን ራውተር የያዘው የአክስቷ የሽኩሪያ ልጅ ሙዐዝ ነው። ታላቋ ነው፣ ሥራ ያስገባትም እሱ ነው። ታዲያ በዒድ ቀን ታናሽ ታላቁ ቤት ሄዶ እንኳን አደረሰህ ማለት ሲገባው፣ ሁመይራ እዚህ ኬብል ስትጎትት ዋለችና ሳትሄድ ቀረች። ሙዐዝ አኮረፈ። እሷም ሥራ ላይ መሆኔን እያወቀ ብላ በኩርፊያው ላይ ኩርፊያ ጨመረች። ከዚያ ወዲህ የሚነጋገሩት በባሲም በኩል ብቻ ነው። እልህ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ከደም ጋር ሳይወረስ አይቀርም።

ስክሪኗ ላይ ስታየው የደማሙ ሰላምታ በየሠላሳ ሰከንድ፣ የእሷ በየአሥር ነው። ሙዐዝ መስመሩ ደካማ ነው ብሎ አዘግይቶታል ማለት ነው። ደውላ ልትጠይቀው? ሞቷን ትመርጣለች። ዝም ብላ የራሷን ሠላሳ አደረገችው። ምንም የለም። ደግማ ብታይ የደማሙ አሥር ሆኗል። ግራ ገብቷት የራሷን ወደ አሥር መለሰች፤ የደማሙ ሠላሳ ሆኖ ጠበቃት።

ባሲም ጭንቅላቱን በበሩ አስገብቶ የእጅ ሰዓቱን አሳያትና ሄደ። በር ሥር የቆመው ሻንጣዋ ትዝ አላት።

ከዚያ ድንገት ገባት። የተበላሸ ነገር የለም። ሙዐዝም እዚያ ሆኖ የእሷን ጊዜ እያየ፣ እንደ እሷው ሳይደውል ሊገጥምላት እየሞከረ ነው። ጠባብ በር ላይ ተገናኝተው ሁለቱም ወደ አንድ ጎን እንደሚሉ ሰዎች ሲጋጩ ነው የቆዩት። ያኮረፈው ሰው ለካ ጠዋቱን ሙሉ ሲለፋላት ነበር። ሳቋ መጣ፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ስልኳን አንስታ ደወለችለት።

«አሰላሙ ዓለይኩም ወንድም ጋሼ። ቢዘገይም ዒድ ሙባረክ።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም» አለ ሙዐዝ። «አሁን ስንት ላይ ነሽ?»

«አንተ ካለህበት አትነቃነቅ። ታናሽ እኔ ነኝ፣ እኔ እመጣለሁ።»

እሱ ሠላሳ ላይ ቆመ። እሷ በዋናውም በመጠባበቂያውም መስመር ሠላሳ ጻፈች። መጀመሪያ ጎረቤቱ ብቅ አለ። ከዚያ የደማም መንገዶች፣ ካርድ ክፍሉ፣ ላቦራቶሪው፣ ፋርማሲው፣ ስክሪኗ ላይ ተራ በተራ ይወርዱ ጀመር። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ራና ፋይሎቹ መጡ ብላ ተጣራች።

ባሲም ማመን አቅቶት ዋናው መስመር ቢቋረጥስ ሲል ጠየቃት። ሁመይራ የዋናውን መስመር ገመድ ነቅላ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ራውተሩ ወዲያው ወደ መጠባበቂያው ዞረ፤ ራና ምንም ሳታውቅ ሥራዋን ቀጠለች። ባሲም ገመዱን ሲያገላብጥ ቆየ።

«ኸላስ፣ አለቀ» አለ። «ነገ ፓስፖርትሽን ይዘሽ ነይ፤ ካፊልሽ እኛ ነን።»

ደስታዋ አላስቀምጥ ሲላት ለአባቷ ደወለች። ዓብደላ ግን አላስጨረሷትም።

«ሙዐዝ ቀድሞሽ ነግሮኛል፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ሻንጣሽን አሁን ሽኩሪያ ቤት እየወሰድኩት ነው። ከእንግዲህ የምትኖሪው እነሱ ጋ ነው። ሙዐዝ ለዒዱ ባዶ እጇን እንዳትመጣ ብሎሻል።»

ሁመይራ ላፕቶፗን ዘግታ ኬክ ቤት ፍለጋ ወጣች።