በማዳበሪያ ጆንያ የተደፈነው መስኮት

የእኛ አገር ሰው ጅብ አይፈራም፣ ዳኛ አይፈራም፤ ንፋስ ግን ይፈራል። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በሚኒባስ የሄደ ያውቀዋል። ሃያ ሰው ላብ በላብ ሆኖ፣ አንዱን ሕፃን አስመልሶት፣ መስኮቱን ጣት ታህል ብትከፍቱ ከኋላ «ኧረ ዝጉልን፣ ንፋስ ፈጀን!» የሚል አይጠፋም። መንገድ ላይ ይህን ችዬ ኖሬአለሁ። ያልቻልኩት ሥራ ቦታዬ ድረስ ተከትሎኝ ሲመጣ ነው።

ቡሬ ዳር ባለ አንድ ዘይት ፋብሪካ የፎርክሊፍት ባትሪ ቻርጅ የማደርገው እኔ ነኝ። ፎርክሊፍት ያ ካርቶኑንና ጆንያውን እያነሳ የሚደረድረው መኪና ነው፤ የእኛዎቹ በባትሪ ይሠራሉ። ባትሪው ሊሞላ ሲል ውስጡ ያለው አሲድ እንደ ጉሽ ጠላ ይንተከተካል። የሚወጣው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ ክፍሉ ውስጥ ከታፈነ ግን አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ለዚህ ሲባል ክፍሉ ሁለት ሰፋፊ መስኮትና አየር የሚያወጣ ፋን ተሠርቶለታል። ይህን ያስተማረን ማሽኑን የተከለው ባለሙያ ነው። «ያስተማረን» ያልኩት ለወጉ ነው እንጂ የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ቴዎፍሎስ የሥልጠናውን ሦስቱንም ቀን ፈርመው ወጥተዋል።

ሐምሌ ሲገባ አቶ ቴዎፍሎስን ቢሯቸው በረዳቸው፤ «ወገቤን ንፋስ መታኝ» ማለት አበዙ። ባትሪ ክፍሉን ቻርጀሮቹ ስለሚያሞቁት ወንበራቸውን ይዘው መጡ። በማግሥቱ ሁለቱም መስኮቶች በማዳበሪያ ጆንያ ተደፍነው አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ይኼ ክፍል ካልተናፈሰ ይፈነዳል» አልኳቸው።

«አንች ልጅ፣ በባትሪ የሞተ ሰው አላየሁም። ንፋስ መትቶት የሞተ ግን ስንቱን ቀብሬያለሁ!»

ጆንያውን ነቀልኩ፤ መለሱት። ደግሜ ነቀልኩ፤ «የበላይን ትእዛዝ በመናቅ» የሚል ማስጠንቀቂያ ጻፉብኝ። አሁንም ነቀልኩ፤ ሁለተኛ ደብዳቤ። ሦስተኛው ስንብት ነው። የፎርክሊፍት ሾፌሮቹ እንዳያግዙኝ እነሱም ሙቀቱን ወደውታል፤ እረፍት ሲደርስ እየገቡ ቻርጀሩ ላይ እጃቸውን ያሞቃሉ። ጀግና ሁሉ!

ከሾፌሮቹ የሚሰማኝ ላቀው ብቻ ነበር። የጅጋ ልጅ ነው፤ ለእናቱ አንድ። ቻርጀሩ ሳይጠፋ መሰኪያው ከተነቀለ ብልጭ እንደሚል አንድ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ «ወይኒቱ፣ አጠፋሽው?» ሳይለኝ ነቅሎ አያውቅም። «አዎ» ስለው ነው የሚነቅለው። ሌሎቹ «ሚስትህን አስፈቅደህ ነው?» እያሉ ይስቁበት ነበር።

ነሐሴ ላይ የሥራ ደኅንነት የሚያዩ እንግዶች እንደሚመጡ ተሰማ። አቶ ቴዎፍሎስ በአንድ ሳምንት የደኅንነት ሐዋርያ ሆነው ቁጭ አሉ። ላስቲኩ ያልተላጠ ሄልሜት አደረጉ። «ደኅንነት ቅድሚያ!» የሚል ባነር አሠሩ። የት ሰቀሉት? መስኮቱ ላይ፣ ጆንያው እንዳይታይ። እንግዶቹ በሚመጡበት ዕለት ጠዋት ፋኑንም «ንግግሬን ይረብሻል» ብለው አስጠፉት። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ዛሬ አፍሽን ሰብስቢ፤ ሦስተኛይቱ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ናት» አሉኝ።

እኔ ምላሰኛዋ፣ በሰው ሁሉ የምሳለቀው፣ ምን አልኩ? «እሽ ጋሼ።» ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?

እንግዶቹ ሲደርሱ ባትሪው ከንጋት ጀምሮ ሲንተከተክ ቆይቷል። አቶ ቴዎፍሎስ ደኅንነት የባህላችን አካል ስለመሆኑ ሩብ ሰዓት ያህል ተናገሩ። ከዚያ «ላቀው! ንቀልና እየነዳህ አሳያቸው!» ብለው ጮኹ።

ላቀው መሰኪያውን ይዞ ወደ እኔ ዞረ። «ወይኒቱ፣ አጠፋሽው?»

አላጠፋሁትም። አፌን ከፈትኩ። አቶ ቴዎፍሎስ ዓይናቸውን አፍጥጠው እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። አፌን መልሼ ገጠምኩ። ላቀው ዝምታዬን እንደ «አዎ» ቆጠረው። ነቀለው።

ጆሮዬ ደነቆረ። የባትሪው ክዳን ጣራውን መታ፤ አሲዱ ላቀው ፊት ላይ አረፈ። እንግዶቹ በበሩ ተጋፍተው ወጡ፤ ከሁሉም የቀደሙት አቶ ቴዎፍሎስ ናቸው፤ ያ ወገባቸው ምንም አላላቸውም። እኔ ለባትሪ የሚጨመረውን የተጣራ ውኃ በጀሪካን አንስቼ ዓይኑ ላይ አፈሰስኩ። አንዱ አለቀ፤ ሌላ አነሳሁ፤ አምቡላንስ እስኪመጣ አላቋረጥኩም።

ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሐኪሙ ቀኝ ዓይኑ ይተርፋል፣ ግራው ግን አይመለስም አለ። በማግሥቱ እናቱ እማማ እታለም ከጅጋ መጡ። ማንነቴን ሲነግሯቸው ጎንበስ ብለው ጉልበቴን ሊስሙ ታገሉኝ።

«ውኃ አፍስሰሽ ያተረፍሽልኝ አንች ነሽ አሉኝ። ልጄን ያኖርሽልኝ፣ አንችንም ያኑርሽ!»

ላቀው ሁለቱም ዓይኖቹ በፋሻ ተጠቅልለው ተጋድሞ ይሰማል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «አጠፋሽው?» ብሎኝ እንደነበር አልነገራቸውም።

እኔም «አሜን» አልኩ።