ጉልበት የደረሰ አረም

ራሕማ የፍየል ፍግ በጆንያ ታመጣለች፤ የሺአረግ በምላሹ ከሰላጣ መደቦቿ የሚነቀለውን አረም ለፍየሏ መኖ ትሰጣታለች። ሳቢያን ሰፈር ውስጥ አጥር ለአጥር የሚኖሩት ሁለቱ ሴቶች እንዲህ ከተስማሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አረሙ የሚነቀለው ግን ራሕማ "ደርሷል" ስትል ነው። ለእሷ ደረሰ ማለት ጉልበት ነካ ማለት ነው።

ባለፈው ዙር ሰላጣው ቀጭጮ ወጣ። ቀፊራ ገበያ አትክልት የምትቸረችረው ሶፊ አንዱን ገልብጣ አየችና፣ "ደግሞ እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰው ጋ እሄዳለሁ" አለች። የሺአረግ ከሶፊ ሌላ ገዢ የላትም።

የሺአረግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሃያ ዓመት ጥራት ተቆጣጣሪ ነበረች፤ ጥፋቱ የአረሙ መቆየት እንደሆነ ብትጠረጥርም፣ ሳትፈትን መፍረድ አትወድም። በዚህ ዙር አራት መደብ ተከለች፤ ውሃውም ፍጉም እኩል። ሁለቱን ችግኙ በተዛወረ በአሥራ አምስተኛው ቀን አረመች፣ በሃያ ስምንተኛው ደገመች። ሁለቱን አረሙ ጉልበት እስኪደርስ ለራሕማ ተወች።

ራሕማ የመጀመሪያዋን እፍኝ አረም አይታ ሳቀች።

"አቦ የሺ! ይሄ ለፍየል ነው ለጫጩት? ፍየሌ እኮ ወልዳለች!"

"ያኛው ያድግልሻል፤ ጠብቂ።"

በአርባኛው ቀን ራሕማ መጥታ ያደገውን አረም ስትነቅል፣ ሰላጣው ከነሥሩ አብሮ ተነሣ። የሺአረግ ቆጠረች፤ ከአንዱ መደብ ብቻ አሥራ ሰባት። የተረፈውም ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ተመዝዟል።

"ሆን ብዬ አይደለም" አለች ራሕማ።

"አውቃለሁ። ሥሩ ተቆላልፏል፤ ቀስ ብለሽ ብትነቅዪውም ያው ነበር።"

በማግስቱ ሶፊ ቀድመው የታረሙትን ሁለት መደቦች ጠርጋ ወሰደች። ለሌሎቹ ጎንበስም አላለች።

"ይሄ ግማሽ ነው" አለች። "በሚቀጥለው አራቱንም እንዲህ ካላገኘሁ አልመጣም።"

ራሕማ በአጥር ሰምታለች። "በቃ፣ ፍየሌ ጾሟን ልታድር ነዋ" አለች።

የሺአረግ ገመድ አምጥታ ከመደቦቹ ራቅ ብሎ ትርፉ ውሃ የሚፈስበትን ባዶ ቦታ ለካች።

"እዚህ ምንም አልተክልም። አረሙ ያንቺ ነው፤ ከፈለገ ወገብ ይድረስ። አበባ ሳያወጣ ግን ታጭጂዋለሽ፤ ዘሩ ከረገፈ መደቦቼን ይወርሳቸዋል።"

"አበባ ሊያወጣ መሆኑን በምን አውቃለሁ?"

"እኔ እያየሁ ቀን እነግርሻለሁ። የመጀመሪያው የዛሬ ወር፣ ሐሙስ።"

"አቦ፣ አንቺ ደግሞ ለአረምም ቀጠሮ!" ራሕማ ጆንያዋን አራገፈች። "ሐሙስ ገበያ ነኝ። ረቡዕ ይሁን።"