የአስራ ዘጠኝ ቁጥር ቁልፍ

ጋሽ ሺፋ የሸራውን ጥቅል ጠምጥመው በጠፍር ሲያስሩ፣ ልጃቸው ፋይዛ ግድግዳው ላይ ያለውን ሚስማር አየች። የዳዶ መፍቻው አስራ ዘጠኝ ቁጥር ቁልፍ እንደተንጠለጠለ ነው።

ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። እዚያው ነው። ጥቅሉ ውስጥ የገባው እንግዲህ ወንድሙ አስራ ሰባት ነው ማለት ነው፤ የሙደሲር ሞተር የኋላ ጎማ ደግሞ ከአስራ ዘጠኝ በቀር በምንም አይፈታም።

"በል እንግዲህ፣" አሉ አባቷ ጥቅሉን በሁለት እጃቸው ለሙደሲር እያቀበሉ። "ካንዴላ ሁለት፣ የፍሪሲዮን ካቦ፣ ከመነዳሪ የፊትም የኋላም። ጂንካ እስክትደርስ ማንንም አትለምንም።"

"የእርስዎን ጥቅል ይዞ ማን ለምኖ ያውቃል ጋሽ ሺፋ!"

ሙደሲር በልደታ ኮንዶሚኒየም የደረጃ ጎረቤታቸው ነው፤ የእንስሳት ሐኪም። ጂንካ ተመድቦ ሞተሩን ይዞ ሊሄድ ነው። ገና ሳይነጋ ነበር ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያለችው ጋራዣቸው ደጅ የደረሰው፤ ማታ አርባ ምንጭ ማደር አለበት።

ፋይዛ ጠዋቱን ሙሉ የአባቷን እጅ ስታይ ቆይታለች። እጃቸው ቁልፎቹ ላይ ይሄዳል፣ አንዱን ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ መልሶ ያነሳል። አውራ ጣታቸው የጠፋበት ነገር ያለ ይመስል የቁልፉን አንገት ደጋግሞ ያሻል።

ቁልፉን ከሚስማሩ አውርዳ "ተጨማሪ ነው" ብላ ሙደሲር ኪስ ውስጥ ልትከትለት አሰበች። ግን ይሄ ከተሳሳተ ሌላውስ? በጂንካ መንገድ ከወይጦ ወዲያ፣ በዚያ ሙቀት፣ ሰው በማይታይበት መንገድ ላይ ጎማው ቢፈነዳ ሰውየው የማይገባ ቁልፍ ይዞ ይቀመጣል። እሱ ፊት ብትናገር ደግሞ ወሬው እስከ ቀትር ሰፈሩን ያዳርሳል። "ጋሽ ሺፋ አያዩም" የሚል ሹክሹክታ ቀድሞም አለ። ለማያይ መካኒክ ሞተሩን የሚሰጥ ማን ነው?

ሙደሲር ጥቅሉን ከወንበሩ ኋላ አስሮ ሄልሜቱን አጠለቀ።

"አባባ፣" አለች ፋይዛ። "ጎማው እኮ አልተፈታም።"

የአባቷ ደንብ ነው። ከከተማ የሚወጣ ሁሉ ጥቅሉ ውስጥ ባለው ዕቃ ብቻ የኋላ ጎማውን እዚሁ ደጅ ላይ ፈትቶ መልሶ መግጠም አለበት። እሷ እስከምታስታውሰው ድረስ ያለዚያ የሄደ ሰው የለም።

"ዛሬ ይቅር። ልጁ መንገደኛ ነው።"

"ሁሉም መንገደኞች ነበሩ።"

"አንቺ ልጅ! ዝም በይ ብያለሁ።"

ሙደሲር ሳቀ። "ፋይዛ መናገር ትችላለች እንዴ? ስንት ዓመት ጎረቤት ሆነን ከ'ደህና አደርክ' ሌላ ሰምቼባት አላውቅም።"

"እባክህ ፍታው፣" አለችው።

እሷ አልሳቀችም። እሱም ሳቁን ዋጠ፤ ሄልሜቱን አውልቆ ጥቅሉን ፈታ፣ ጎማው ሥር ተንበረከከ። ቁልፉን ዳዶው ላይ አስጠጋ። አልገባም። ገልብጦ ሞከረ።

"ጋሽ ሺፋ፣ ይሄ ጠበበ።"

"በደንብ ግፋው።"

"ቢገፋም አይሆንም። ጠባብ ነው።"

ከአስፋልቱ በኩል ወያላው "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" ይላል። ጋሽ ሺፋ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሙደሲር ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አኖረው። አውራ ጣታቸው አንገቱን አሸ።

"ጎማው የታለ?"

"የቱ ጎማ?"

"እዚህ ላይ የተጠመጠመው።"

ፋይዛ አሁን ገባት፤ አባቷ ቁልፎቹን የሚለዩት በዚያ ጎማ ነበር። ቅዳሜ አባቷን ደስ ለማሰኘት ብላ ቁልፎቹን ሁሉ በናፍጣ አጥባ ነበር። በየአንገታቸው ቅባት የጠጣ ጥቁር የከመነዳሪ ጎማ ቁራጭ ተጠምጥሞ አገኘች። ባንዱ ላይ አንድ ዙር፣ ባንዱ ላይ ሁለት፣ ባንዱ ላይ ሦስት። ዙሩ እንደሚለያይ አይታ እንኳ ለምን ብላ አልጠየቀችም። በምላጭ እየቆረጠች ከቆሻሻው ጋር ጠረገችው። ማታ አባቷ ቁልፎቹን ዳስሰው "ጎበዝ" አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ቢጠይቋት ኖሮ ማየት እንደማይችሉ መናገር ነበረባቸው፤ ያን ቀን ያልጠየቁትን ነው አሁን የጠየቁት።

"እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣" አለች። "ቆሻሻ መስሎኝ።"

ሙደሲር አንዴ እሷን፣ አንዴ እሳቸውን አየ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ?"

"ቀኙ ከረመዳን በፊት። ግራው ጥላ ጥላ ያሳየኛል።"

"የበሬ ዓይን ቢሆን አክምልዎ ነበር።"

"የበሬ ቢሆንማ ቄራ ነበር የምትልከኝ።"

ማንም አልሳቀም። ሙደሲር ሸራውን መሬት ላይ ዘርግቶ ዕቃውን አንድ በአንድ ያወጣ ጀመር። ካንዴላውን ከሞተሩ ካንዴላ ጋር አስተያየ። ካቦውን ለካ። የከመነዳሪዎቹን ቁጥር አነበበ። ፋይዛ እያንዳንዱ ከእጁ እስኪወርድ ቆማ አየች። አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ድምፁን ብቻ ያዳምጣሉ።

"ሌላው ሁሉ ልክ ነው፣" አለ በመጨረሻ።

ፋይዛ አስራ ዘጠኙን ከሚስማሩ አውርዳ ሰጠችው። ጎማውን ፈትቶ ገጠመ፤ አንድ ሰዓት ፈጀበት። ለማንም አልናገርም አላለም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ቁልፉን ጥቅሉ ውስጥ ከትቶ፣ የጋሽ ሺፋን ትከሻ ሳመና ሄደ። አባትና ልጅ የሞተሩ ድምፅ ከመኪናው ጫጫታ ጋር እስኪቀላቀል ደጁ ላይ ቆሙ።

ከዚያ ፋይዛ ያረጀ ከመነዳሪ ፈልጋ በምላጭ በቀጫጭኑ ቀደደችው። የተመለሰውን አስራ ሰባት ቁጥር አነሳች።

"እዚህ ላይ ስንት ዙር ነበር?"

ጋሽ ሺፋ እጃቸውን ዘርግተው እሷ የያዘችውን ቁልፍ አንገት ዳሰሱ።

"አንድ፣" አሉ። "አጥብቂው።"